በኦገስት የሚሞቅ መኪና

ጡረታ የወጣሁት ሚስ ኦፓል የጥብቅና ቢሮዋን በዘጋች ዕለት ነው። እሷ ባትዘጋው ኖሮ እኔ አልወጣም ነበር። ምላሴም ጆሮዬም ገና አልደከሙም። አሁን አሁን አስተርጓሚ ሲያስፈልግ ስልክ ይደወላል፤ የት ከተማ እንደተቀመጠ የማይታወቅ ሰው በድምፅ ማጉያ ይተረጉምና ይዘጋል። የተናጋሪውን እጅ አያይም፣ ነጠላ ወደ አፍ ሲሳብ አያይም። እንደዚያ ያለ ሥራ እኔ አልሠራም። ስለዚህ አትላንታ አጠገብ ሊልበርን፣ ቤቴ ተቀምጬ እጽፋለሁ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ይታወቅልኝ። በሁለት ሺህ አሥራዎቹ ዓመታት አትላንታ ውስጥ ከእኔ የተሻለ የአማርኛ አስተርጓሚ አልነበረም። ይህን ሰው ይመሰክራል፤ ባይመሰክርም እኔ እላለሁ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ አስተማሪውም እኔ፣ ተማሪውም እኔ፣ ፈታኙም እኔ ነበርኩ፤ ፈታኙ ደግሞ ክፉ ነበር።

ትምህርት ቤቴ ኤርፖርቱ አጠገብ ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ሜዳ ነው። ያን ጊዜ የምኖረው ኢስት ፖይንት ነበር። ሌሎቹ ሾፌሮች ካርታ ሲጫወቱ እኔ መሪው ላይ መዝገበ ቃላት ዘርግቼ አነባለሁ።

«መርሻ፣ ዛሬ የትኛው ፊደል ላይ ደረስክ?» ይሉኛል።

«ኤል ላይ።»

«ዜድ ስትደርስ አውሮፕላን ያስነዱሃል?»

«ዜድ ስደርስ አንተን ከእስር ቤት አስፈታሃለሁ።»

ይህን የጠየቀኝ ሰው ያን ቀን ከት ብሎ ሳቀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታናሽ ወንድሙ ፍርድ ቤት ሲቆም አጠገቡ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን ያነሣል።

ሚስ ኦፓልንም ያገኘኋት በዚያው ታክሲ ነው። ፋይል ታቅፋ ገባች፤ አጭር፣ ደልደል ያለች ጥቁር አሜሪካዊት፣ በዕድሜ እኩያዬ። ወንበሩ ላይ የነበረውን የሕግ መዝገበ ቃላት አነሣችና «ይሄ የማን ነው?» አለች። የእኔ መሆኑን ስነግራት አላመነችኝም። «እንግዲያው ምክንያታዊ የሚለውን በአማርኛ ንገረኝ» አለች። ስለ ዋጋ ከሆነ እንዲህ ነው፣ ስለ ሰው ከሆነ እንዲህ ነው፣ ስለ ፍርሃት ከሆነ ደግሞ እንዲህ ነው ብዬ ሦስት ዓይነት መልስ ሰጠኋት። ስትወርድ ካርዷን ሰጠችኝ። ሰው ዕድል ይለዋል፤ እኔ ዝግጅት እለዋለሁ።

መጀመሪያ በየሆስፒታሉ፣ ቀጥሎ በእሷ ቢሮ፣ ከዚያም በፌዴራል ፍርድ ቤት ተረጎምኩ። ክፍያው በየጉዳዩ ነበር፤ ከታክሲው አይበልጥም፤ አንዳንድ ወር ያንሳል። ግን ሥራው ሥራ ነበር። አስተርጓሚ ከተናጋሪው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይቀመጣል። «እኔ» ሲል «እኔ» ይላል፤ «እንዲህ ይላል» ብሎ ነገር የለም። ሲያለቅስ አያለቅስም። ሰውየው «ሁለት ሰዓት ላይ» ካለ የእኛን ሁለት ይሁን የፈረንጁን ሳይጠይቅ አያልፍም፤ በዚህ አንድ ጥያቄ ስንት ሰው ውሸታም ከመባል እንዳዳንኩ አይቆጠርም። ከሁሉም በላይ አስተርጓሚ አይጨምርም፣ አይቀንስም፣ አያብራራም። በዚህ ማንም አይስተካከለኝም ነበር።

የሚስ ኦፓልን ልማድ ደግሞ ልንገራችሁ። የአሜሪካ ደቡብ ገጠር ልጅ ስለሆነች ምሳዋ የኮካ ኮላ ጠርሙስ ውስጥ የተጨመረ ኦቾሎኒ ነው። ጠርሙሱን ወደ አፏ እያጋደለች ታላምጣለች፣ በእርሳስ ትጽፋለች። የጻፈችውን ጮክ ብላ ታነብልኛለች፤ ካዛጋሁ ያንን አንቀጽ ትሰርዘዋለች። «አፍቃሪ አባት»፣ «ታታሪ ሠራተኛ» የሚል ነገር ከወረቀቷ ላይ አይገኝም። ምስክር እንዲያ ብሎ ሲጀምርላት ቆም ታደርገውና «ማክሰኞ ምን ያደርጋል?» ትለዋለች። ሁልጊዜ ማክሰኞ ናት። እሑድ ሁሉም ሰው ደግ ነው ትላለች፤ ሰኞ ደግሞ ሁሉም ሰው ይናደዳል። ማክሰኞ ነው ሰው የሚታወቀው።

ግርማ የመጣው እንግዲህ በዚያ ዘመን ነው።

ግርማ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው። ከሚስቱ ከሰናይትና ከሚስቱ እናት ከእማማ ዘነቡ ጋር ከእኔ ቤት ብዙም በማይርቅ ቤት ይኖራል። አሜሪካ ከመግባቱ በፊት በአንዲት የአውሮፓ አገር የስደተኞች መኖሪያ ውስጥ ቆይቷል። እዚያ አንድ ቀን በምድጃ ተራ ጠብ ተነሣ፤ በግርግሩ መካከል አንድ ሰው ከደረጃ ወድቆ ክፉኛ ተጎዳ። ፖሊስ መጣ፤ ግርማ ስሙን፣ ፎቶውን፣ አሜሪካ የሚሄድበትን ቀን ሁሉ ሰጠ። የፈለገው ሰው አልነበረም፤ ጊዜው ሲደርስ በሕጋዊ መንገድ ወጣ። ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ የዚያችው አገር ዐቃቤ ሕግ ፋይሉን ከመደርደሪያ አውርዶ «ገፍትሮ የጣለው እሱ ነውና አሳልፋችሁ ስጡን» ብሎ ለአሜሪካ ጻፈ። አንድ ጠዋት ማርሻል የሚባሉት የፌዴራል ፖሊሶች መጥተው ወሰዱት።

ግርማ ስሙን አልቀየረም፣ አልተደበቀም። አገር ሙሉ ልጅ ጭኖ ሲያመላልስ ኖሯል። «እኔ አልገፋሁትም» ይላል። እውነቱን እዚያ የነበሩት ያውቃሉ፤ ከእነሱም ግማሾቹ በሕይወት የሉም፣ ግማሾቹ የት እንዳሉ አይታወቅም። መዘግየቱ አንዱ ክፋቱ ይሄ ነው፤ የሚከስህ ወረቀት መደርደሪያ ላይ ይቆይሃል፣ የሚመሰክርልህ ሰው ግን አይቆይህም።

የአሜሪካ ሕግ በዚህ ላይ ጠባብ ነው። ዳኛው የሚጠይቀው፣ ሰውየው እሱ ነወይ፣ በአገሮቹ መካከል ውል አለወይ፣ ለመጠርጠር የሚበቃ ማስረጃ አለወይ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ እንዴት ኖረ፣ ማን በእሱ ላይ ተደገፈ የሚለውን የሚያየው በመጨረሻ ዋሽንግተን ያለው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው፤ እሱም በወረቀት። በአውሮፓ ግን ይግባኝ ሰሚ ዳኞች ራሳቸው የሰውን የግልና የቤተሰብ ኑሮ በአንድ በኩል፣ የከሳሹን አገር ጥያቄ በሌላ በኩል አድርገው ይመዝናሉ። አገሩ ዝም ብሎ በቆየ ቁጥር፣ ሰውየውም ካልተደበቀ፣ ሚዛኑ ወደ ቤቱ በኩል ያዘነብላል። ሚስ ኦፓል እነዚያን ፍርዶች እያተመች ታነባለች።

«እዚህ አይሠሩልንም» አለችኝ። «ግን እንዴት እንደሚታሰብ ያስተምሩናል።»

እኔም አነበብኳቸው። ቁልፍ ቁልፉን አንቀጽ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ የሚፈልግ መጥቶ ይጠይቀኝ።

የመጀመሪያው ፍልሚያ የዋስትና ነበር። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ዋስትና የሚገኘው ልዩ ምክንያት ከቀረበ ነው። ሚስ ኦፓል ሁለት ምክንያት ያዘች፤ አንዱ መዘግየቱ፣ ሁለተኛው እማማ ዘነቡ። እማማ ዘነቡ ኩላሊታቸው ከሥራ ውጪ ከሆነ ቆይቷል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የኩላሊት እጥበት አለባቸው። ሰናይት ኤርፖርት ስለምትሠራ ገና ሳይነጋ ትወጣለች፤ እናቷን ለዓመታት ያመላለሰው ግርማ ነው፣ በጠዋቱና በከሰዓቱ አውቶቡስ መካከል። ቅዳሜም እሱ ነው።

ምስክሯን ያዘጋጀኋት እኔ ነኝ። «እማማ፣ የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ። አጭር ይሁን፣ እውነት ይሁን» አልኳቸው።

«እኔ መቼ ዋሽቼ አውቃለሁ፣ አንተ መርሻ» አሉኝ። ይበልጡኛልና አንተ ይሉኛል።

መጀመሪያ ሚስ ኦፓል ጠየቀች፤ ማን ያመላልስዎታል፣ በሳምንት ስንቴ፣ ከመቼ ጀምሮ። ሁሉንም አጠር አድርገው መለሱ። ከዚያ የመንግሥት ጠበቃው ተነሣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ክራባቱን ይዞ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጣቸው።

«ከልጅዎ ባል ጋር በአንድ ቤት ነው የሚኖሩት?»

«አዎ።»

«አብራችሁ ትበላላችሁ?»

እማማ ዘነቡ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «ምን ሲደረግ።»

«አትበሉም ማለት ነው?»

«በልተን አናውቅም።»

«ትነጋገራላችሁ?»

«አንነጋገርም።»

«መኪና ውስጥስ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ?»

«መኪና ውስጥም።»

«በስሙ ይጠሩታል?»

«ኧረ አልጠራቸውም።»

አንድ በአንድ ተረጎምኩ። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ አልቀነስኩም። እማማ ዘነቡ ቀና ብለው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ከምስክር ወንበሩ ወረዱ። ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዙና «ደህና መሰከርኩ?» አሉኝ።

«በጣም» አልኳቸው። ደግሞም መስሎኝ ነበር። በዳኛ ፊት ቆመው፣ እኔ ጨዋ ሴት ነኝ፣ የልጄም ባል የተከበረ ሰው ነው ብለው መመስከራቸው ነበርና። እኔ የሰማሁት ያንን ነው።

ዳኛው የሰማው ሌላ ነው። ምስክሯ ራሷ እንደተናገረችው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ባዕዳን ናቸው አለ። ተጠርጣሪው ሹፌር ነው፤ ሌላ ሹፌር ይገኛል። መዘግየቱ የሚያሳዝን ቢሆንም እሱን ዋሽንግተን ትየው አለ። ዋስትና ከለከለ።

ሰናይት የሥራ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ የመጣች ናት። «ጋሼ፣ ምን አለ? ቤት ይሄዳል አይደል?» አለችኝ። እንግሊዝኛውን ከእኔ እኩል ትሰማለች፤ በአማርኛ እስክነግራት ግን አላመነችም።

ሚስ ኦፓል መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሣ ተቀመጠች። «ሚስተር መርሻ፣ ያቺ ሴት ይሄን ሰው ትወደዋለች ወይስ አትወደውም?»

«ከወለደቻት ልጅ አስበልጣ።»

«እንግዲያው ለምን አታናግረውም?»

«የልጇ ባል ነዋ» አልኳት። ይሄ ደግሞ ጥያቄ ነው እንዴ በሚል ድምፅ። ከዚያ ዘረዘርኩላት። በደንቡ፣ አማትና አማች ይከባበራሉ። አማት በአማቿ ፊት አትበላም፣ ስሙን አትጠራም፣ ዓይኑን አታይም፤ እሱም እንዲሁ። መልእክት ካላቸው በልጅቷ በኩል ይላላካሉ። ሌሎች ሲተዉት እማማ ዘነቡ አልተዉትም። እናቴም ከእህቴ ባል ጋር እንደዚሁ ኖራለች።

ሚስ ኦፓል እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አወረደችና እጇ ውስጥ ያዘችው። «ይሄን ከመግባታችን በፊት ለምን አልነገርከኝም?»

«ውሃ ያርሳል ብዬ ልንገርሽ?»

«አዎ፣ ንገረኝ። እኔ የዚህ አገር ሰው ነኝ።» እርሳሱን ወደ ጆሮዋ መለሰች። «የተሳሳተውን የጠየቅኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ማን፣ ስንቴ፣ መቼ። ማክሰኞን ሳልጠይቅ ገባሁ።»

እኔ ለሳምንታት ለሁሉም ሰው የምናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ትርጉሜ ላይ አንድ እንከን የለም። የለምም። ግርማ ግን እስር ቤት ነው።

ልጠይቀው ሄድኩ። በመስታወት በኩል ስልክ አንሥቶ መጀመሪያ ያለኝ «ጋሽ መርሻ፣ እማማን ማክሰኞ ማን ይወስዳቸዋል?» ነው።

«እኔ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀስ ብለው ይንዱላቸው።»

«ስማ፣ በዚህች ከተማ መኪና ስነዳ አንተ ገና አልመጣህም ነበር።»

ፈገግ አለ። «መኪናውን ደግሞ…» ብሎ ጀመረና ተወው። «ግዴለም፣ እርስዎ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

እማማ ዘነቡን ማመላለስ ጀመርኩ። ጨዋታቸው አያልቅም፤ ከቤት እስከ ክሊኒኩ የሠፈሩን ወሬ፣ የነርሶቹን ጠባይ፣ የእኔን አነዳድ ሁሉ ያነሣሉ። «ይሄ ቢጫ መብራት ምን አደረገህ፣ አንተ መርሻ፣ የምትሽቀዳደመው?» ይሉኛል። ስለ ግርማ ግን አንዲት ቃል አይወጣቸውም። ኦገስት ነበር፤ የአትላንታ ኦገስት በሙቀቱ የሚታወቅ ነው። ከእጥበቱ ሲወጡ ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ እጠብቃቸዋለሁ። የኤሲዬ ነገር የተመሰከረለት ነው፤ ታክሲ ስነዳም ደንበኛ የሚመርጠኝ በእሱ ነበር። ሲመለሱ ጨዋታ የለም፤ ደክሟቸው ነው እላለሁ። ነጠላቸውን ድርብ አድርገው ጥግ ይይዛሉ። ቦርሳቸውንም ታቅፈው ይሄዳሉ።

ዳኛው በኋላ ግርማ ለጠያቂው አገር ይሰጥ ብሎ ወሰነ። ይግባኙም በላይኛው ፍርድ ቤት ወደቀ፤ ሦስቱ ጥያቄዎች ተመልሰዋል፣ ሌላው የእኛ ሥራ አይደለም አሉ። የቀረው ዋሽንግተን ብቻ ነው። እዚያ የሚላከው ወረቀት የመጨረሻው ነው፤ ከእሱ በኋላ አውሮፕላን ነው ያለው። ሚስ ኦፓል መዘግየቱን ጽፋ ጨረሰች፤ አነበበችልኝ፣ አላዛጋሁም። የቤቱ ኑሮ የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ባዶ ገጽ ነበር።

«ማክሰኞ ከእናንተ ጋር እሄዳለሁ» አለች።

በተባለው ማክሰኞ ሚስ ኦፓል እማማ ዘነቡ እጥበቱን ጨርሰው እስኪወጡ ከእኔ ጋር ጠበቀች። ሲመጡ ከኋላ አጠገባቸው ተቀመጠች። እኔ ከፊት እየነዳሁ መተርጎሜ ነው፤ በሕይወቴ የሰውን ፊት ሳላይ፣ በመስታወት ብቻ እየሰረቅኩ የተረጎምኩት ያን ቀን ነው። ሚስ ኦፓል ወዲያው አልጠየቀችም። ትንሽ ከሄድን በኋላ እጇን ዘርግታ የእማማን እጅ ያዘች።

«ሚስተር መርሻ፣ እኚህ ሴት በረዶ ሆነዋል።»

«ከእጥበት በኋላ እንዲያ ነው» አሉ እማማ ዘነቡ፣ ስተረጉምላቸው። «ደሙ ወጥቶ ሲገባ ይበርዳል። ምንም አይደለም።»

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው በራሴ።

«ነዳጅህን ጨርሰህ ታመላልሰኛለህ፣ ደግሞ ላማርር?»

ኤሲውን አጠፋሁ። ሚስ ኦፓል የእማማን ቦርሳ አየች። አፉ ክፍት ነው፤ ከውስጡ በአራት የታጠፈ ነጭ ፎጣ ይታያል።

«ይሄ ፎጣ ለእርስዎ ነው?»

እማማ ዘነቡ ቦርሳቸውን ዘጉ። ሎረንስቪል ሃይዌይ ላይ ቀይ መብራት ያዘን። እንደገና መንዳት ስጀምር ድምፃቸውን ሰማሁ፤ ለእኔ ሲያወሩ የማውቀው ድምፅ አይደለም፣ ዝቅ ያለ ነው።

«የእሳቸው ነው።»

«የማን?»

«የልጄ ባል።»

ሚስ ኦፓል የዳኛውን ጥያቄ፣ የጠበቃውን ጥያቄ ሁሉ ተወችው። «እማማ፣ ማክሰኞ ከእጥበት ሲወጡ ምን ያገኛሉ?» አለቻቸው።

«መኪናው ሞቆ አገኘዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን እንዳሉት አስቀምጠዋለሁ፤ ያን ቀን እንደተረጎምኩት፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ።

«መጀመሪያ ሰሞን እንደማንም ሰው ብርዱን ከፍተው ይጠብቁኝ ነበር። እኔ ምን እላለሁ፤ አፍ አውጥቼ ይበርደኛል ልበላቸው? ነጠላዬን ተከናነብኩ። በሚቀጥለው ስመጣ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፣ ማሞቂያው ይነድዳል። በዚህ በጋ። ማንም አልነገራቸውም፤ ነጠላዬን አይተው ነው። ቤት እስክንደርስ ድረስ እሳቸው ላቡ ከግንባራቸው እየወረደ፣ ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ተጣብቆ ይነዳሉ። አንድ ቀን እንኳ መስኮት አልከፈቱም። እኔ ደግሞ ማየቱ አስጨነቀኝ። ፎጣ ይዤ ወጣሁና ከኋላ ወንበር ላይ፣ እጃቸው የሚደርስበት ቦታ አስቀመጥኩ። አነሡት፣ አንገታቸው ላይ አደረጉት። ሲወርዱ እዚያው ይተዉታል። ማታ እኔ አጥበዋለሁ። ሰናይት እንድትነካው አልፈልግም፤ በእጄ ነው የማጥበው። እንዲህ ስንል ኖርን። ነገር ተነጋግረን አናውቅም።»

«አሁን ለምን ይዘውት ይሄዳሉ?» አለች ሚስ ኦፓል።

«ማክሰኞ አይደል?»

እዚህ ላይ ትርጉሜ ትንሽ ዘገየ። መኪና እየነዳሁ ስለነበር ነው። ሚስ ኦፓልም አላስቸኮለችኝም፤ በመስታወት ሳያት ወደ ውጭ እያየች ነበር።

ቤት አድርሰናቸው ስንመለስ «ግርማ እስር ቤት ሆኖ ‹መኪናውን ደግሞ› ብሎ ጀምሮ ነበር» አልኳት።

«አንተስ ምን አልከው?»

«አውቃለሁ አልኩት።»

ሚስ ኦፓል ብዙ ሳቀች። በጉዳዩ ውስጥ እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ሳቋ ሲያልቅ ዓይኗን ጠረገች።

ባዶው ገጽ ሞላ። አፍቃሪ የሚል ቃል የለበትም፤ ታማኝ የሚል የለበትም። መስኮቱ የተዘጋ መኪና አለ፣ ኦገስት አለ፣ ፎጣ አለ። ስለ ደንቡም፣ ለምን እንደማይነጋገሩ፣ እኔ አስረድቼ እሷ ጽፋዋለች፤ እኔም በስሜ ፈርሜበታለሁ፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረስኩት መርሻ። መጨረሻው ላይ ሚስ ኦፓል ያስቀመጠችው ሐሳብ ይሄ ነው። ከሳሹ አገር አድራሻው እጁ ላይ እያለ ዝም ብሎ ኖረ፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ ሰውየው ቤት ሠራ። አሁን ያንን ቤት ለማፍረስ የሚመጣው ዝም ሲል የኖረው ራሱ ነው። ስታነብልኝ ኦቾሎኒዋን አላላመጠችም።

መጠበቅ ረጅም ነው። ሰናይት በየቀኑ ከሥራ ወጥታ መኪናዋን ፓርክ ሳታደርግ የፖስታ ሣጥኑን ትከፍታለች። እኔ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ መስኮት ዘግቼ፣ ማሞቂያ ከፍቼ እነዳለሁ። የእኔ ላብ ለማንም የሚታይ አልነበረም፤ ፎጣውም ከቦርሳው አልወጣም። አንድ ቀን ዓይኔን ወደ ቦርሳው ጣል ሳደርግ «አንተ በእጅጌህ ጥረግ» አሉኝ።

ክረምቱ አልፎ፣ ዛፉ አብቦ፣ እንደገና መሞቅ ሲጀምር ሚስ ኦፓል ስልክ ደወለች። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ግርማን አሳልፎ ላለመስጠት ወስኗል። ምክንያት አልሰጡም፤ ሁለት መስመር ብቻ ነው። መዘግየቱ ይሁን፣ ፎጣው ይሁን፣ ማንም አያውቅም። እኔ የራሴ አስተያየት አለኝ።

እንዲህ ያለ ወረቀት ከዚያ የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው፤ ሚስ ኦፓልም በጥብቅና ዘመኗ ሌላ አላየችም። እኔ በብዙ ጉዳይ ላይ ቆሜያለሁ፤ የተረቱትን አልጻፍኳቸውም፣ ግን አልረሳኋቸውም። የብዙዎቹ ማክሰኞ ሳይጠየቅ ነው የሄዱት።

ግርማ ከወጣ በኋላ ባለው ማክሰኞ እንደ ልማዴ መኪናዬን አስነሥቼ ወደ እነሱ ቤት ሄድኩ። አያስፈልግም ነበር፤ አውቃለሁ። እንደው ለማየት ነው። ግርማ ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ከስቷል። መኪናው ሞተሩ ይሠራል፣ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል።

«ለመሄጃው እንኳ አያስፈልግም እኮ፤ የሚበርዳቸው ሲመለሱ ነው» አልኩት።

«ዛሬ ይሁን ብዬ ነው፣ ጋሼ» አለኝ አንገቱን ደፍቶ።

እማማ ዘነቡ ወጡ። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ተከናንበዋል። ግርማ በሩን ከፈተና ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። እሳቸውም መሬት መሬቱን እያዩ በእሱ በኩል አለፉ። ከሹፌሩ ወንበር በሰያፍ፣ ከኋላ፣ የድሮ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ቦርሳቸውን ከፈቱ፤ ፎጣውን አወጡና ወንበሩ ላይ አኖሩት፣ እጁ በሚደርስበት በኩል።

እኔ መስኮቱን አንኳኳሁ። ጥቂት ዝቅ አደረጉልኝ፤ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ።

«እማማ፣ እኔም እኮ ደህና ሹፌር ነበርኩ።»

«ያንተ መኪና ብርድ ነው» አሉና መስኮቱን ዘጉት።

ሄዱ። ከኋላቸው ቆሜ እስከ መታጠፊያው አየኋቸው። ሁለት ራስ፣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ። ከዚያ ሚስ ኦፓል ጋ ደወልኩ፤ ንገረኝ ብላኝ ነበርና።

«መጡ? ሄዱ?» አለች።

«ሄዱ።»

ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ ይሰማኛል። «ተነጋገሩ?»

«አልተነጋገሩም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።